አርክሎን የድራይቭ ፈቃዱን ደጋግሞ ያጣል፤ የማረጋገጫ ቅንብሩን የቱ ጋ ልፈትሽ?

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 9፣ ከረፋዱ 5፡20)

ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ ትንሽ ማኅበር የድሮ ፎቶግራፎችና ቃለ ጉባኤዎች በስካነር እየተነሡ የሚቀመጡበትን ሰርቨር የምንከባከበው እኔ ነኝ። ሰርቨሩ ኡቡንቱ የተጫነበት፣ ስክሪንም ብራውዘርም የሌለው የኪራይ ማሽን ነው። በየሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ክሮን (በተወሰነ ሰዓት ትእዛዝ የሚያስኬደው አገልግሎት) አርክሎንን፣ ማለትም ፋይሎችን ወደ ደመና ማከማቻ የሚገለብጠውን ፕሮግራም፣ ያስነሣና የቀኑን አዲስ ፋይል ሁሉ ወደ ማኅበሩ ጉግል ድራይቭ ይገለብጣል። ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፋቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን እንደሚገቡ ለዚህ ቤት ሰው መንገር አያሻም።

ችግሬ ይህ ነው፦ ጥቂት ቀናት በትክክል ከሠራ በኋላ አንድ ሌሊት ላይ «ቶክን (በይለፍ ቃል ፈንታ የሚያገለግል ማለፊያ) ማምጣት አልተቻለም፣ ኢንቫሊድ ግራንት» የሚል ስሕተት መዝገቡ ላይ ይጽፍና ከዚያ ወዲያ አንድም ፋይል አያነሣም። እኔም «አርክሎን ኮንፊግ ሪኮኔክት» ብዬ እንደገና ፈቃድ እሰጠዋለሁ፤ ይሠራል፤ ደግሞ ይቆማል። አንዴ በ10 ቀን፣ አንዴ በ9 ቀን ስለሚቆም ሥርዓት ያለው ነገር አልመሰለኝም። አርክሎን ራሱን ለጉግል የሚያስታውቅበትን የደንበኛ መለያ፣ ማለትም «ክላየንት አይዲ»ውን፣ የመመሪያውን ምክር ተከትዬ በጉግል ክላውድ ኮንሶል ላይ ራሴ ነው የፈጠርኩት። የይለፍ ቃል አልቀየርኩም፤ ሁለተኛ ሰውም ሰርቨሩን አይነካውም።

የ«አርክሎን ኮንፊግ ሾው»ን ውጤት እንዳለ ከዚህ በታች ለጥፌዋለሁ።

[በአወያዩ ተወግዷል]

አወያይ (ጥቅምት 9፣ ከረፋዱ 5፡41)

ብራና ጠባቂ፣ ከመልሱ በፊት አንድ አስቸኳይ ጉዳይ አለ። የለጠፉትን የማዋቀሪያ ፋይል አንሥቼዋለሁ፤ ነገር ግን ለ20 ደቂቃ ያህል ለማንም ይታይ ነበርና እንደ ወጣ ምስጢር ቍጠሩት። በውስጡ ድራይቩን የሚመለከቱ ሦስት ነገሮች ነበሩ፦ የደንበኛው ምስጢራዊ ቃል፣ የመግቢያ ቶክኑና የማደሻ ቶክኑ። የመግቢያ ቶክኑ ዕድሜው አንድ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ብዙም አያሳስብም። የማደሻ ቶክኑ ግን አርክሎን በየሰዓቱ አዲስ የመግቢያ ቶክን የሚያስወጣበት በመሆኑ፣ ከደንበኛው መለያና ምስጢራዊ ቃል ጋር በሰው እጅ ከገባ፣ ያ ሰው የይለፍ ቃልዎን ሳያውቅና ሁለተኛውን ማረጋገጫ ሳይጠየቅ ድራይቩን እንደራሱ ይከፍተዋል።

ስለዚህ አሁኑኑ ወደ ጉግል አካውንትዎ የደኅንነት ገጽ ገብተው ከሦስተኛ ወገን መተግበሪያዎች ዝርዝር ውስጥ የፈጠሩትን መተግበሪያ ፈቃድ ይሰርዙ፤ ኮንሶሉ ላይም አዲስ ምስጢራዊ ቃል አውጥተው አሮጌውን ያጥፉ። ለወደፊቱ ደግሞ ቅንብርን ለሰው ለማሳየት «ሾው»ን ሳይሆን «አርክሎን ኮንፊግ ሬዳክትድ»ን ይጠቀሙ። ከ1.64 ጀምሮ ያለ ትእዛዝ ሲሆን ምስጢራዊ መስኮችን በሙሉ ሸፍኖ ያወጣል። ሸፍኖ ሲያወጣም ቢሆን ከመለጠፍዎ በፊት አንድ ጊዜ በዓይንዎ ይለፉበት።

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 6፡15)

አመሰግናለሁ፤ በጣም አፍሬአለሁ። ፈቃዱን ሰርዣለሁ፣ ምስጢራዊ ቃሉንም ቀይሬአለሁ። እውነቱን ለመናገር ፋይሉ ውስጥ ካለው ሌላ ግንኙነት፣ ማለትም ቢሯችን ካለው አሮጌ ማሽን ጋር በኤስኤፍቲፒ (የፋይል ማስተላለፊያ መንገድ) ከሚያገናኘው፣ የይለፍ ቃሉ ትርጉም በሌለው የፊደላት ጥልፍልፍ ተጽፎ ስላየሁት ፋይሉ በሙሉ የተመሰጠረ መስሎኝ ነበር።

አራት ኪሎ ማዶ (ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 7፡02)

እኔ እንደሚመስለኝ የኢንተርኔት መቆራረጥ ነው። እኛም ጋ መስመር በጠፋ ቍጥር እንዲህ ዓይነት ስሕተት ይመጣል፤ የመሞከሪያውን ብዛት ከፍ ቢያደርጉት ይስተካከል ይሆናል።

ስንቅ ቋጣሪ (ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 8፡30)

አራት ኪሎ ማዶን በትሕትና ልቃወም። መስመር ሲጠፋ አርክሎን የሚያወጣው «አስተናጋጁ አልተገኘም» ወይም «ጊዜው አለፈ» የሚል ቃል ነው። «ኢንቫሊድ ግራንት» ግን ራሱ የጉግል ሰርቨር የሰጠው መልስ ነው፤ ጥያቄው ደርሷል፣ ተነቧል፣ «ይህን ፈቃድ አላውቀውም» ተብሏል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መልስ ሺህ ጊዜ ቢሞከር አይለወጥም።

የብራና ጠባቂን ግምት በተመለከተ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ስለሆነ ትንሽ ላስፋው። አርክሎን የይለፍ ቃሎችን በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ሲጽፍ «ኦብስኪውር» ያደርጋቸዋል፤ ይህም መሸፈን እንጂ መቆለፍ አይደለም። የሚሸፈንበት ቁልፍ ለሁሉም አርክሎን አንድ ዓይነት ሲሆን በይፋ በሚታየው የፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ስለዚህ ፋይሉን ያገኘ ሰው ሁሉ በአንዲት ትእዛዝ መልሶ ይገልጠዋል። ጥቅሙ ከትከሻዎ በላይ የሚመለከት ሰው ቃሉን አይቶ እንዳይዘው መከልከል ብቻ ነው። ቶክኖቹ ደግሞ ይህ ሽፋን እንኳ የላቸውም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ10 ቀንና በ9 ቀን ያሉት ከየት እስከ የት ተቈጥሮ ነው? እስኪ መዝገቡን ከፍተው ፈቃድ የሰጡበትን ቀንና ከዚያ ቀጥሎ የቆመበትን ቀን ጎን ለጎን ይጻፉልን።

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1፡10)

የቈጠርኩት ከአንዱ መቆም እስከሚቀጥለው መቆም ነበር። አሁን እንዳሉት ሳስቀምጠው ይህን ይመስላል፦

ፈቃድ የሰጠሁት መስከረም 12፣ የቆመው መስከረም 19 ሌሊት።
ፈቃድ የሰጠሁት መስከረም 22፣ የቆመው መስከረም 29 ሌሊት።
ፈቃድ የሰጠሁት ጥቅምት 1፣ የቆመው ጥቅምት 8 ሌሊት።

ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት! መቆሙን ካወቅኩ በኋላ ለማስተካከል ሁለትና ሦስት ቀን ስለምዘገይ ነው ልዩነቱ የተዛባብኝ።

ስንቅ ቋጣሪ (ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 2፡05)

እንግዲያው ተገኝቷል። ኮንሶሉ ላይ የፈጠሩት መተግበሪያ በሙከራ ደረጃ፣ ማለትም «ቴስቲንግ» በሚለው ሁኔታ ላይ ነው ያለው። ጉግል በዚህ ደረጃ ላይ ላለ፣ ተጠቃሚዎቹም «ኤክስተርናል» ተብለው ለተመዘገቡ መተግበሪያ የሚሰጠው የማደሻ ቶክን በ7 ቀን ይሞታል። አርክሎን ምንም ጥፋት የለበትም፤ በየሰዓቱ እያደሰ ቆይቶ በሰባተኛው ቀን የሚያድስበትን ቶክን ራሱን ያጣል።

መፍትሔው ኮንሶሉ ውስጥ የፈቃድ መጠየቂያ ገጹ ወደሚዋቀርበት ክፍል ገብቶ የኅትመት ሁኔታውን ከ«ቴስቲንግ» ወደ «ፕሮዳክሽን» ማሸጋገር ነው። በዚህ ጊዜ ስለ ማረጋገጥ ሂደት፣ ስለ ግላዊነት መመሪያና ስለመሳሰለው የሚያስፈራ ጽሑፍ ይመጣል። መተግበሪያው ለራስዎ ብቻ ስለሆነ ያንን ሂደት ማለፍ አይጠበቅብዎትም፤ ሳይረጋገጥ ይቆያል፣ ሳይረጋገጥም ይሠራል። የሚያስከትለው ነገር ቢኖር ፈቃድ ሲሰጡ «ጉግል ይህን መተግበሪያ አላረጋገጠም» የሚል ማስጠንቀቂያ መምጣቱ ነው፤ «አድቫንስድ» የሚለውን ከፍተው ይለፉት። ያልተረጋገጠ መተግበሪያ የተጠቃሚ ጣሪያው 100 ነው፤ ለአንድ ማኅበር ከበቂ በላይ ነው።

ልብ ይበሉ፣ ሁኔታውን መቀየር ብቻ አይበቃም። በሙከራው ጊዜ የወጣ ቶክን የሰባት ቀን ዕድሜውን ይዞ ስለሚቀር ከለውጡ በኋላ እንደገና «ሪኮኔክት» ማድረግ የግድ ነው። ብዙ ሰው «ፕሮዳክሽን አድርጌው ነበር፣ ያው ቆመ» ብሎ ተስፋ የሚቈርጠው ይህችን ስለሚዘላት ነው። ማኅበሩ በራሱ ዶሜይን የሚተዳደር የጉግል ወርክስፔስ አካውንት ካለው ደግሞ «ኢንተርናል» የሚለውን መርጦ ከዚህ ጣጣ ሁሉ መዳን ይቻላል።

ጽጌ ዘመን (ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 3፡12)

እኔ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የራስ መለያ መፍጠር ይህን ያህል ካስቸገረ ባዶ መተው አይሻልም? አርክሎን አብሮት የሚመጣ መለያ አለው አይደል?

ስንቅ ቋጣሪ (ጥቅምት 10፣ ከጠዋቱ 3፡50)

አለው። ነገር ግን ያ መለያ የጋራ ነው፤ ጉግል ለአንድ መለያ በሰከንድ የሚፈቅደውን የጥያቄ ብዛት በዓለም ዙሪያ ያሉ የአርክሎን ተጠቃሚዎች ይሻሙታል። ጥቂት ፋይል ለሚያነሣ ሰው ላያስታውቀው ይችላል። ብራና ጠባቂ ግን በሌሊት ብዙ ሺህ ፎቶ ሲዘረዝር ወዲያው «ሬት ሊሚት» ከሚባለው ግድግዳ ጋር ይላተማል። የአርክሎን መመሪያም የራስን መለያ መጠቀምን ይመክራል። ከዚህ በተረፈ መለያን መሃል ላይ መለወጥ ማለት ፈቃዱን እንደ አዲስ መውሰድ ማለት ነው፤ የማደሻ ቶክን የተሰጠው ለዚያው መለያ ብቻ ስለሆነ አሮጌው ቶክን ከአዲሱ መለያ ጋር አይሠራም።

ኵራዝ (ጥቅምት 10፣ ከረፋዱ 4፡30)

ሰርቨሩ ብራውዘር የለውም ስላሉ፣ ፈቃዱን እንዴት እንደሚሰጡት ቢነግሩን ጥሩ ነበር። ከዚህ ቀደም ጉግል አንድ ኮድ ያሳየንና እሱን ገልብጠን ተርሚናል ላይ እንለጥፍ ነበር፤ ያ መንገድ ግን በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በጉግል ውሳኔ መዘጋት ጀመረ። የድሮ ጽሑፍ እያነበቡ አሁንም እሱን የሚፈልጉ ሰዎች ስላሉ ነው ማንሣቴ።

ዛሬ ያለው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሰርቨሩ ላይ ሲያዋቅሩ «ብራውዘር በራሱ ይከፈት ወይ» ለሚለው ጥያቄ «አይ» ማለት፣ ቀጥሎ ብራውዘር ባለው የራስዎ ላፕቶፕ ላይ «አርክሎን ኦተራይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ሰርቨሩ እንዳሳየዎት ገልብጦ ማስኬድና የሚወጣውን ረጅም ጽሑፍ ሰርቨሩ ላይ መለጠፍ ነው። የሁለቱ ማሽኖች የአርክሎን ሥሪት ቢቀራረብ ይመረጣል፤ ከኡቡንቱ ማከማቻ የሚጫነው ብዙ ጊዜ ወደኋላ የቀረ ነው።

ሁለተኛውን እኔ እመርጠዋለሁ፤ የሚለጠፍ ምስጢር ስለሌለበት ነው። አርክሎን ፈቃድ ሲጠይቅ በማሽኑ ውስጥ፣ በወደብ ቍጥር 53682 ላይ፣ ትንሽ የድር ሰርቨር ከፍቶ መልሱን ይጠብቃል። ስለዚህ ከላፕቶፕዎ ወደ ሰርቨሩ በኤስኤስኤች (ከርቀት ተርሚናል መግቢያ) ሲገቡ በ«ኤል» አማራጭ ያንኑ ወደብ ወደ ላፕቶፕዎ ካሻገሩት፣ አርክሎን ሰርቨሩ ላይ የሚያሳየውን አድራሻ በላፕቶፕዎ ብራውዘር ከፍተው መፍቀድ ይችላሉ። በዚህ መንገድ ለሄደ ሰው የጥያቄው መልስ «አዎ» ነው፤ አርክሎን ብራውዘሩ እዚያው ያለ ያህል ይሠራል።

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 9፡25)

ሁኔታውን ወደ ፕሮዳክሽን አሸጋግሬ፣ በኵራዝ ሁለተኛ መንገድ አዲስ ፈቃድ ሰጥቻለሁ። በእጄ ሳስኬደው ያለ እንከን ሠራ። ነገር ግን ክሮኑን ለመሞከር ሰዓቱን አሁን ላይ ባደርገው «በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ ክፍሉ አልተገኘም» አለኝ። ከዚህ በፊት እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ምን ነካሁ?

ኵራዝ (ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 9፡40)

ክሮኑ የማን ነው? የእርስዎ ነው ወይስ የሩት፣ ማለትም የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ? ፈቃዱን ከዚህ በፊት ሲያድሱ ትእዛዝን በሩት ሥልጣን የሚያስኬደውን «ሱዶ» ያስቀድሙ ነበር?

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 9፡52)

የሩት ነው። አዎ፣ ቀድሞ ሁልጊዜ በሱዶ ነበር የማስኬደው፤ ዛሬ ግን የግንኙነቱን ስም ጭምር ቀይሬ በራሴ ስም እንደ አዲስ አዋቀርኩት፤ የክሮኑንም ትእዛዝ በአዲሱ ስም አስተካክያለሁ።

ኵራዝ (ጥቅምት 10፣ ከቀኑ 10፡03)

እንግዲህ ሁለት የማዋቀሪያ ፋይሎች አሉዎት። አርክሎን ፋይሉን የሚፈልገው በሚያስኬደው ተጠቃሚ የቤት ማውጫ ሥር፣ ስውር በሆነው የ«ኮንፊግ» ማውጫ ውስጥ ነው። እርስዎ ሲያስኬዱት የእርስዎን ያነባል፤ ሩት ሲያስኬደው የሩትን፣ ማለትም አዲሱ ስም የሌለበትን አሮጌውን ያነባል። «አርክሎን ኮንፊግ ፋይል» የሚለውን ትእዛዝ አንድ ጊዜ እንዲሁ፣ አንድ ጊዜ በሱዶ ቢያስኬዱት ሁለት የተለያየ አድራሻ ያሳይዎታል።

ፋይሉን ወደ ሩት መገልበጥ ቀላሉ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ምስጢሩ በሁለት ቦታ ይቀመጣል፣ አንዱን ሲያስተካክሉ ሌላው ይረሳል። ፎቶ ለመገልበጥ ሩት መሆንም አያስፈልግም። ሥራውን ከሩት ክሮን አውጥተው በራስዎ «ክሮንታብ» (የክሮን ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ ያስገቡት፤ ትእዛዙ ላይም በ«ኮንፊግ» አማራጭ የፋይሉን ሙሉ አድራሻ ይጻፉበት። የሩትን አሮጌ ፋይል ያጥፉት። የፋይሉ ፈቃድ 600፣ ማለትም ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት፣ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ አርክሎን ራሱ ሲፈጥረው እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ሰው ሲገለብጠው ግን ይላላል።

ዋርካ ሥር (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 1፡35)

ፋይሉ ራሱ ለምን አይመሰጠርም? «አርክሎን ኮንፊግ» ብለው ሲገቡ ከምርጫዎቹ አንዱ «ኤስ» የሚለው ነው፤ ለፋይሉ በሙሉ የይለፍ ቃል ያስገባሉ፣ ከዚያ በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው ትርጉም የለሽ ጽሑፍ ብቻ ያያል። ይህኛው ስንቅ ቋጣሪ የነገረን ሽፋን አይደለም፣ እውነተኛ ምስጠራ ነው።

ክሮን ግን የይለፍ ቃል የሚጽፍለት ሰው ስለሌለው፣ ቃሉን «አርክሎን ኮንፊግ ፓስ» በሚባለው የአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚያነበው ዋጋ) ወይም «ፓስወርድ ኮማንድ» በሚባለው አማራጭ ማቅረብ ያስፈልጋል። «አስክ ፓስወርድ» የሚለውንም «ፎልስ» ያድርጉት፤ አለበለዚያ ቃሉ በሆነ ምክንያት ሲታጣ አርክሎን መልስ የሚሰጠው ሰው እየጠበቀ ሌሊቱን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል። ወዲያው ወድቆ መዝገብ ላይ መጻፉ ይሻላል።

ጽጌ ዘመን (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 2፡20)

ዋርካ ሥር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ሣጥን ቆልፎ ቁልፉን ክዳኑ ላይ ማስቀመጥ አይሆንም? የይለፍ ቃሉ እዚያው ሰርቨር ላይ ከተጻፈ፣ ሰርቨሩ ውስጥ የገባ ሰው ሁለቱንም ያገኛል።

ዋርካ ሥር (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 2፡58)

ሰርቨሩ ውስጥ በእርስዎ ስም ለገባ ሰው እውነት ነው፣ አይከለክለውም። ነገር ግን ፋይሉ ከሰርቨሩ የሚወጣበት መንገድ ዘራፊ ብቻ አይደለም። ብራና ጠባቂን ልጠይቅ፦ በየሌሊቱ የሚገለበጠው የፎቶው ማውጫ ብቻ ነው ወይስ የቤት ማውጫዎ በሙሉ?

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡04)

የቤት ማውጫዬ በሙሉ።

ዋርካ ሥር (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡11)

እንግዲህ የድራይቩ መክፈቻ ያለበት ፋይል፣ ከቢሮው ማሽን የይለፍ ቃል ጋር፣ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ራሱ ድራይቭ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው፤ እስከ ዛሬ በሩት ማውጫ ስለነበር ነው የዳነው። የማኅበሩን ፎልደር የሚጋራ ሰው ሁሉ ሊያየው ነው። ምስጠራው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፦ ፋይሉ ከቃሉ ተለይቶ ሲሄድ። የይለፍ ቃሉን ከቤት ማውጫው ውጭ በሆነ፣ በማይገለበጥ ቦታ ያኑሩት፤ የኮንፊግ ማውጫውንም በ«ኤክስክሉድ» ከቅጂው ያስወጡት። ሁለቱንም ያድርጉ።

ጽጌ ዘመን (ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡30)

ተረታሁ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ስንቅ ቋጣሪ (ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 2፡45)

አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ልጨምር። የማዋቀሪያው ፋይል የይለፍ ቃል ቢጠፋ ፋይሉን የሚከፍተው የለም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው የድራይቭ ቶክን ብቻ ከሆነ ጉዳቱ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ጥሎ እንደ አዲስ ማዋቀር ነው። «ክሪፕት» የሚባለውን፣ ፋይሎችን ከመላካቸው በፊት የሚያመሰጥረውን ግንኙነት ለሚጠቀም ሰው ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። የክሪፕት ሁለት ቃሎች፣ ማለትም ዋናው የይለፍ ቃልና ሁለተኛው ማጠናከሪያ፣ ያሉት በዚያ ፋይል ውስጥ ብቻ ከሆነና ፋይሉ ከጠፋ፣ ድራይቭ ላይ ያለው ቅጂ በሙሉ ማንም የማያነበው ክምር ይሆናል። ጉግልም ሆነ የአርክሎን ሠሪዎች ሊያስመልሱት አይችሉም። እነዚያን ሁለት ቃሎች በወረቀት ጽፎ በቁም ሣጥን መቆለፍ የድሮ ዘዴ ቢመስልም እኔ እስካሁን የማደርገው ይህንኑ ነው።

ስለ ፈቃዱ ስፋትም ሳልጠይቅ አላልፍም። አርክሎን ሲዋቀር «ስኮፕ» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛው ሰው 1 ይጫናል፤ ይህም ድራይቩን በሙሉ የማንበብና የመሰረዝ ሥልጣን ነው። ለምትኬ ብቻ ከሆነ «ድራይቭ ፋይል» የሚለው ጠባብ ፈቃድ ይበቃል፤ አርክሎን ራሱ ያስቀመጣቸውን ፋይሎች ብቻ ያያል። ሰዎች በብራውዘር ያስገቧቸውን ፋይሎች ስለማያይ ግን ሁለቱን ወገን ማመሳሰል ለሚፈልግ አይሆንም።

ቆላ ወጣ (ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 8፡15)

ክሩን ሳነብ የእኔም ጉዳይ እዚሁ ይገባል ብዬ ነው። እኛ የምንጠቀመው ድራይቭን ሳይሆን የአማዞንን የፋይል ማከማቻ፣ ኤስ3ን ነው፤ እዚያ ቶክን የለም፣ የመግቢያ ቁልፍና ምስጢራዊ ቁልፍ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲህ ቁልፎቹ ምንም ሳይለወጡ «በጥያቄው ሰዓትና በአሁኑ ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትልቅ ነው» የሚል የ403 ስሕተት ይሰጠኛል። አዲስ ቁልፍ አውጥቼ ሞከርኩ፤ ያው ነው።

ኵራዝ (ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 8፡40)

ቁልፉን ይተዉትና የማሽኑን ሰዓት ይመልከቱ። ለኤስ3 የሚላክ ጥያቄ ሁሉ በምስጢራዊ ቁልፉ ይፈረማል፣ ሰዓቱም በፊርማው ውስጥ ይገባል፤ አማዞን ከራሱ ሰዓት ከ15 ደቂቃ በላይ የራቀውን አይቀበልም። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሳያልቅ አይቀርም።

ቆላ ወጣ (ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9፡22)

ሳቅም ንዴትም ያዘኝ። ማሽኑ ሲነሣ ሰዓቱ ተዛብቶ ስላገኘው ባልደረባችን በእጁ አስተካክሎታል፤ ያስተካከለው ግን የግድግዳውን ሰዓት አይቶ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነበርና 3፡00 ብሎ ሞላው። ማሽኑ ደግሞ 9፡00 መባል ነበረበት። ስድስት ሰዓት ወደኋላ ቀርተን ነው ለካ ስንፈርም የከረምነው!

ኵራዝ (ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 9፡30)

የኛ አገር ብቻ የሆነ ስሕተት ነው። «ታይምዴትሲቲኤል» በሚባለው ትእዛዝ ሰዓቱን ከኢንተርኔት እንዲወስድ ያድርጉት፤ የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ባትሪውንም ይቀይሩ። ያወጡትን ትርፍ ቁልፍ መሰረዝም አይርሱ።

ባሕር ማዶ (ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 4፡00)

ከሩቅ ለሚከታተሉ፣ ኮንቴይነር (ፕሮግራምን ከቀረው ማሽን ለይቶ የሚያስኬድ ማቀፊያ) ለምንጠቀም ሰዎች አንዲት ነገር ልጨምር። የማዋቀሪያውን ፋይል ኮንቴይነሮችን ለሚያስኬደው ለዶከር ለብቻው፣ ለዚያውም ለንባብ ብቻ አድርጎ መስጠት የጥንቃቄ ሥራ ይመስላል፤ እኔም እንዲያ አድርጌ ነበር። አርክሎን ግን ቶክኑን ባደሰ ቍጥር መልሶ ፋይሉ ላይ መጻፍ ይፈልጋል፤ የሚጽፈውም አዲስ ፋይል ፈጥሮ በአሮጌው ቦታ በመተካት ነው። ስለዚህ ነጠላውን ፋይል ሳይሆን ፋይሉ ያለበትን ማውጫ፣ ለመጻፍ እንደተፈቀደ፣ መስጠት ያስፈልጋል። በድራይቭ ላይ አለመጻፉ ብዙ ላያስቸግር ይችላል። ቦክስ የተባለውን ሌላ የደመና ማከማቻ ለሚጠቀም ሰው ግን ዕዳ ነው፤ የቦክስ የማደሻ ቶክን አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራና በ60 ቀን የሚሞት ስለሆነ፣ አዲሱ ካልተጻፈ አሮጌው ዳግም አይሠራም። አንዱን ፋይል በሁለት ማሽን ላይ መጠቀምም እንዲሁ አንዱን ማሽን ከሌላው ያጣላል።

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 2፡30)

ጥቅምት 10 የሰጠሁት ፈቃድ ዐሥረኛ ቀኑን ይዟል፤ ትናንት ሌሊትም 412 ፎቶ ያለ አንድ ስሕተት ሄዷል። ክሮኑ በስሜ ነው፣ የሩት ፋይል ጠፍቷል፣ የኮንፊግ ማውጫው ከቅጂው ወጥቷል፣ ፋይሉም ተመስጥሯል። ስኮፑን ለጊዜው ሰፊ አድርጌ ትቼዋለሁ፤ ጸሐፊያችን በብራውዘር የምታስገባቸው ቃለ ጉባኤዎች ስላሉ ነው።

አንዲት ጥያቄ ቀርታኛለች። ክረምት ላይ ስካን ማድረጉን ለሁለት ወር እናቆማለን። አርክሎን በዚያ ሁሉ ጊዜ ባይነሣ ፈቃዱ ይሞታል?

ስንቅ ቋጣሪ (ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 3፡05)

ጉግል የማደሻ ቶክንን ባለመጠቀም የሚሰርዘው ለስድስት ወር ሳይነካ ሲቀር ነው፤ የሁለት ወር ዕረፍት አይገድለውም። ክሮኑን ባያጠፉት ግን ይመረጣል፤ አዲስ ፋይል ባይኖርም በየሌሊቱ ድራይቩን ለመዘርዘር ሲገባ ቶክኑ መሥራቱን መዝገቡ ላይ ያዩታል።

ብራና ጠባቂ (ጥቅምት 20፣ ከጠዋቱ 3፡11)

አላጠፋውም። አመሰግናለሁ።